ለጢንዚዛ የተተከሉ ችካሎች

«ምን ትማሪያለሽ?» የሚል ሰው ከሩቅ ሳይ መንገድ የምቀይርበት ዘመን ነበር። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ጢንዚዛ። የሐዋሳ ሰው ልጄ ሐኪም ሆነች፣ መሐንዲስ ሆነች፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ባንክ ቤት ገባች ሲል፣ የእኛ ቤት ልጅ ሁለተኛ ዲግሪዋን በጢንዚዛ ትሠራ ነበር። እናቴ መናኸሪያ አካባቢ ክርና ብትን ጨርቅ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ደንበኞቿ ስለ እኔ ሲጠይቋት «ምርምር ላይ ናት» ትልና ወሬውን ቶሎ ወደ ክር ቀለም ትመልሰዋለች። ቤት ስንገባ ግን አትምረኝም።

«አሁን እኔ ለሰው ምን ልበል? ልጄ ጉድጓድ ለጉድጓድ ትል ታድናለች ልበል?»

«ትል አይደለም እማዬ፣ ጢንዚዛ ነው።»

«ኧረ ተመስገን! እንኳን ጢንዚዛ ሆነልኝ!»

እስቃለሁ። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ ውስጤ እንደ እሷው ያፍራል። አብረውኝ የተመረቁት ደመወዝተኛ ሆነው ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ሲቀመጡ፣ እኔ ጭቃ የበላው ቦት ጫማ አጥልቄ በጓሮ በጓሮ እሹለከለክ ነበር።

ጢንዚዛ ሲባል ሰው የሚያስበው መብራት ላይ እየተላተመ የሚወድቀውን፣ ወይ ፋንድያ የሚያንከባልለውን ነው። የእኔው ሌላ ነው። ክንፍ እያለው መሬት ለመሬት መሮጥ የሚመርጥ፣ ቀን ከድንጋይና ከበሰበሰ ቅጠል ሥር ተኝቶ ሲመሽ ለአደን የሚወጣ፣ አባጨጓሬ በሊታ። ሳይንሱ ክሌኒየስ የሚለው አንድ ወገን ነው፤ በዚያ አንድ ስም ሥር ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። አብዛኛው አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ መዳብ የሚያደላ አረንጓዴ። አንዳንዱ የጀርባው ዳርና ዳር ቢጫ ጥለት አለው። ሌላው ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ጣል ጣል ተደርጎበታል። በእጅ ሲይዙት ደግሞ ከኋላው የመድኃኒት ሽታ ይለቃል፤ ገና የታጠበ የክሊኒክ ወለል የሚሸተውን ዓይነት። ሽታው ከጣቴ አይለቅም ነበር። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ነርስ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ?» ቢሉኝ «አዎ» አልኳቸው። ደስም አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሥራዬ የትኛው ዓይነት የት እንደሚኖር መለየት ነበር። ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል፣ ደንገሉ ሥር ያለው ረግረግ የባለቢጫ ጥለቱ ነው፤ ከውሃው ትንሽ ራቅ ካሉ አይገኝም። አሞራ ገደል አጠገብ፣ ዓሣ ጠራጊዎቹ አንጀት በሚጥሉበት ዳርቻ ደግሞ ሌላ ትንሽና ፈጣን አለ፤ እሱን ለመያዝ ስንበረከክ የሚዝናኑ ሰዎች ከበው ያዩኛል፣ አንዱ «ቀለበት ጠፍቷት ነው» ይላል፣ እኔም ቀለበት እንደጠፋባት ሴት መሬቱን እያየሁ ዝም እላለሁ። ታቦር ተራራ ላይ ከድንጋይ ሥር የሚወጣው ጠቆር ያለ ነው፣ ድርቅ ይችላል። አማካሪዬ ይህን ሁሉ አይቶ «ሐይቁንና ተራራውን ይዘሻል፣ እርሻውስ?» አለኝ። እንዲህ ነው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቱላ የሄድኩት።

ያኔ ቱላ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ካሉ ገና እርሻ ነበር። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፣ ሥሩ ጥላና እርጥብ ነው። ከተማው ግን እየመጣ ነበር። ከአንድ መንገድ ማዶ ያለው ሰፈር ለልማት ተለክቶ፣ እንሰቱ ተደፍጥጦ፣ የብሎኬት ግድግዳ ቆሞበታል። እኔ ይህን አይቼ አልፌዋለሁ፤ ዓይኔ ጢንዚዛ እንጂ ግድግዳ አልፈለገም።

ሰፊ የእንሰት ጓሮ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ሰላምታ ሰጥቼ ጉዳዬን ነገርኳቸው። አማርኛቸው አጭር አጭር፣ የተመጠነ ነው።

«ምን ነው የምትፈልጊው?»

«ጢንዚዛ፣ አባባ። እንሰቱ ሥር የሚኖር ጢንዚዛ። መሬት ውስጥ ኩባያ እቀብራለሁ፣ ሲሄድ ሲሄድ ይገባበታል። ጠዋት መጥቼ እሰበስባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዓይነቱን አያለሁ፣ እለየዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… በቃ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «መንግሥት ነው የላከሽ?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አይደለም?»

«ነው እንግዲህ።»

«እሺ ልጄ። ሥሪ።»

ያ «እሺ» ፈቃድ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ገባሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ይቀበራል፣ ጨው ያለበት ውሃ ይጨመርበታል፣ ከላይ ዝናብ እንዳይገባ በጠጠር ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንበታል። ኩባያዎቹ በእኩል ርቀት በመስመር መሆን ስላለባቸው የመለኪያ ገመድ ዘረጋሁ። ቅጠል ውስጥ እንዳይጠፉብኝ በየኩባያው አጠገብ እንጨት ተከልኩ፣ ከእናቴ ሱቅ በተረፈ ቀይ ጨርቅ ጫፉን አሰርኩ፣ እንጨቱ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። የጻፍኩበት የጥፍር ቀለም ነው፤ እስክሪብቶ ዝናብ ያጥበዋል፣ የጥፍር ቀለም ግን ወይ ፍንክች። በዚህ ብልሃቴ ኮራሁ።

ጎረቤቶች አጥር ላይ ተደርድረው ያዩኝ ነበር። አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገር አንዲት ወጣት እናት ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። «ጢንዚዛ ነው» አልኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፣ ለሌሎቹ በሲዳምኛ ነገረቻቸው፣ እነሱም ሳቁ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ ሲዳምኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ሰላምታ፣ ስንት ነው፣ ቀንሱልኝ፣ አለቀ። ምን እየተባልኩ እንደሆነ ሳላውቅ ፊቴ ቀልቶ እንጨቴን መትከል ቀጠልኩ።

እየተመላለስኩ ሰበሰብኩ። ሽማግሌው ስመጣ በርጩማ ያወጡልኛል፣ ባለቤታቸው የተጠበሰ በቆሎ በሰሃን ያቀርቡልኛል፣ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። አንድ ጠዋት ከጓሮው መሀል ካለ ኩባያ ያልጠበቅሁት ወጣ። ከሌሎቹ ገዘፍ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ እግሩ ቀይ። ሐይቁ ዳር የለም፣ ጥቁር ውሃ የለም፣ ታቦር ላይ የለም። እኔ ደስ ሲለኝ አልችልም፤ እጄን እያጨበጨብኩ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ።

«አባባ አገኘሁ! አገኘሁ! እዚህ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ቦታ የለም! ይሄ መሬት ልዩ ነው!»

«ጥሩ» አሉ ቀስ ብለው። በርጩማቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

በሚቀጥለው ስመጣ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ አንድ ነገር እንደተለወጠ ታወቀኝ። ሌላ ጊዜ ከመንገዱ ላይ የማይታየው የሽማግሌው ቤት ወለል ብሎ ይታያል። ወደ መንገዱ ያለው የጓሮው ግማሽ ባዶ ነው። እንሰቱ ተቆርጧል፣ ሥሩ ተምሶ ወጥቷል። ሴቶች በመስመር ተቀምጠው ግንዱን ይፍቃሉ፣ የቅጠል ክምር እስከ አጥሩ ይደርሳል። ግማሹ እንኳን ያልደረሰ ለጋ ነው። እንሰት ዓመታት ጠብቆ የሚበላ ነገር መሆኑን እኔም የከተማዋ ልጅ አላጣውም።

መጀመሪያ የተናደድኩት፣ ምን ልዋሽ፣ ለተረገጡት ኩባያዎቼ ነው። «ምን ሆናችሁ ነው? ለጋ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የሽማግሌው ባለቤት የሚፍቁበትን ቀርከሃ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ፣ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ያቺ ወጣት እናት ከጎናቸው ነበረች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ማሽኑ ሳይመጣ የምንችለውን እናትርፍ ነው የሚሉት።»

«የምን ማሽን?»

«የሚደፈጥጠው ነዋ» አለች፣ ማላገጤ መስሏት ቅር ብሏት።

ሽማግሌውን ፍለጋ ሄድኩ። ከቤቱ ጀርባ፣ ገና ያልተነካው ግማሽ ውስጥ ቆመው ነገ የሚቆረጠውን ይመርጡ ነበር።

«አባባ፣ መሬትዎን ሊወስድ የመጣው ማን ነው?»

«አንቺ።»

«እኔ?!»

በቁጣ አልነበረም የመለሱልኝ። የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ረጋ ብለው ነው። «ገመድ ዘረጋሽ። ችካል ተከልሽ። ቀይ ጨርቅ አሰርሽ፣ ቁጥር ጻፍሽ። ማዶ ያሉትንም እንዲህ ነው የጀመሯቸው። ጥናት ነው፣ አትስጉ አሏቸው። እነሱም አልሰጉም። እንሰታቸውን ሳይነቅሉ ማሽኑ ገባ።»

«እኔ እኮ ጢንዚዛ ነው አልኩዎት! ፊት ለፊት ነገርኩዎት!»

«አልሽ። ሌሎቹ መንገድ ነው አሉ፣ ትምህርት ቤት ነው አሉ። እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ትልቅ ነገር ባይሆን እንዲህ ትንሽ ነገር አትነግሪኝም ነበር። በኋላ ደግሞ መሬቱ ውስጥ የፈለግሽውን አገኘሽ። ጮህሽ። ያን ቀን ሰዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የምትሉት እናንተ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት። የእኔዋ እውነት ግን እያደር ደፈረሰች፣ በተናገርኳት ቁጥር ውሸት መሰለች። ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ያልሆንኩትን ነኝ አላልኳቸውም። ሆኖም እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። አንድ ቤተሰብ የዓመታት ምግቡን ቆርጦ የጣለው የተማረ ሰው፣ በደህና አእምሮው፣ ለጢንዚዛ ብቻ ብሎ እዚህ ድረስ ይመጣል ብሎ ማመን ስላቃተው ነው። እኔስ በእሳቸው ቦታ ብሆን አምን ነበር? እናቴ እንኳን አታምንም።

ንዴቴ ሲመጣ እጄ አያርፍም። ወደ ጓሮው ተመልሼ ችካሎቹን እየነቀልኩ መጣል ጀመርኩ። «ይኸው! ይኸው ነቀልኩት! አለቀ!» ሴቶቹ መፋቃቸውን አቁመው አዩኝ፣ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ከቅድሙ በበለጠ ፍጥነት መፋቅ ቀጠሉ። ያቺን ወጣት ጠየቅኋት። «ለክታ ጨረሰች እያሉ ነው» አለችኝ።

ችካል ብተክል ጥፋት፣ ብነቅል ጥፋት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ጋ ተመልሼ እግራቸው ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ዛሬ በቀረው ጓሮ ውስጥ እንደገና ኩባያ ልቅበር። ነገ ጠዋት ሴቶቹ ከመጀመራቸው በፊት አብረን እንክፈተው። ዓይንዎ ይፍረድ። ካላመኑኝ የፈለጉትን ያድርጉ።»

ሰው እንዲህ ሲለምን እንቢ የማለት ልማድ የላቸውም። «እሺ» አሉ።

ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር። አብረን ወደ እንሰቱ ገባን፣ ጤዛው ራሳችን ላይ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳሁ፣ ኩባያው ውስጥ ጉንዳን ብቻ። ሁለተኛው ውስጥ አንዲት ሸረሪት። ሦስተኛው ባዶ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉኝ። የዚህን ሁሉ ሰው ጓሮ ላድን የቀረኝ አንድ ጢንዚዛ፣ እሱም ዛሬ ቀርቷል። ቀጣዩን ድንጋይ ሳነሳ ግን አለ። ቀይ እግሩ የኩባያውን ግድግዳ ይቧጭራል፣ ገና ነፍሱ አልወጣችም።

በመዳፌ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ያ ሽታ ወጣ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ራቅ አደረጉት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ሌላ የለም?»

«ሌላ ምንም የለም አባባ።»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከዚያ በኋላ መናገር አላቆምኩም። ሐይቁ ዳር ያለው እንዴት እንዳለ፣ ተራራው ላይ ያለው እንዴት እንደሚለይ፣ ሁሉም አንድ ወገን ሆነው እያንዳንዱ ግን የራሱ ሰፈር እንዳለው፣ ይሄኛው ጥላና እርጥበት ካጣ እንደማይኖር፣ እንሰቱ በተቆረጠበት በኩል ከእንግዲህ እንደማይገኝ። ለእናቴ እንኳን እንዲህ ዘርዝሬ አላውቅም። ሽማግሌው ጢንዚዛውን መሬት ላይ ለቀቁት። እየተንገዳገደ ቅጠል ሥር ገባ። እሳቸውም ቀስ ብለው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ለዚህ ነው?» አሉ።

ያኔ ነው እንዳመኑኝ ያወቅሁት። ባላመኑኝ ብዬ ተመኘሁ። ማሽን ይመጣል ብለው ሲቆርጡ ብልህ ሰው ነበሩ፤ ቤተሰቡን ያዳነ፣ ጎረቤቱን ያስጠነቀቀ። አሁን ግን ለጢንዚዛ ብለው እንሰታቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ሆኑ፣ እንዲህ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ። ከባዶው ጓሮ በኩል የሴቶች ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ለሥራ እየመጡ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ። «እነዚህ ሰዎች በእኔ ቃል ነው የተነሱት። ዛሬ እዚህ ከጨረሱ ወደየራሳቸው ጓሮ ነው የሚሄዱት። ለጢንዚዛ ነው ካልኳቸው፣ የልጅ ልጄ ሳይቀር በዚህ ይጠራል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ?»

«መሬቱ ቀርቷል በያቸው። ትተውታል በያቸው።»

ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰው፣ ሽምግልና የሚቀመጡ፣ እኔን ውሸት ሲለምኑኝ ማየት አልቻልኩም። ፊቴን አዞርኩ። «እሺ» አልኩ፤ እንደ እሳቸው ዓይነት እሺ።

ዛፍ ሥር ሰበሰቧቸው። ወጣቷ እናት ልታስተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች። «ጥናቱ ቀርቷል» አልኩ። «ችካሉን ነቅያለሁ። አትቁረጡ።» ፊታቸውን ሳይ፣ ገና አላመኑም። ያኔ አፌ ማንም ያላዘዘውን ጨመረ፤ «ከእንግዲህ መሬታችሁን የሚነካ የለም።»

እልልታው ቀለጠ። እውነቱን ስናገር የሳቁብኝ ሰዎች ውሸቱን አፍታም ሳይጠራጠሩ ዋጡት። ሽማግሌዎች ተነስተው መረቁኝ፤ ክፉ አይንካሽ፣ ዘርሽ ይብዛ፣ ከፍ በይ። በያንዳንዱ ምርቃት አሜን ማለት ግድ ነው፣ እኔም አሜን አልኩ፣ ባልኩ ቁጥር ፊቴ እሳት ይሆናል። የጓሮው ባለቤት ከሌሎቹ ጋር እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል አገሩ። እኔ ደግሞ የማልችለውን ነበር የተናገርኩት።

ጽሑፌን ጨርሼ ተመረቅሁ። የባለ ቀይ እግሩን ጢንዚዛ ነገር ሳቀርብ ፈታኞቹ አመሰገኑኝ። ስለተቆረጠው ጓሮ አንዱ ሲጠይቀኝ «ገበሬው የመሬት አጠቃቀም ለውጦ ነው» ብዬ መለስኩ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቱላ ተመልሼ አልሄድኩም። በአጠገቡ የሚያልፍ ታክሲ ስሳፈር እንኳን በወዲያኛው መስኮት በኩል እቀመጥ ነበር። ሽማግሌው በባዶው ቦታ አዲስ ችግኝ መትከላቸውን ከሰው ሰማሁ።

ዓመታት አለፉ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ከእናቴ ጋር እዚያው መናኸሪያ አካባቢ መኖሬን ቀጠልኩ። ከተማው መስፋፋቱን አላቆመም። አንድ እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። ሽማግሌው፣ ባለቤታቸው፣ ያቺ ወጣት እናትና ሁለት ሌሎች አዛውንቶች ነበሩ፤ ቤታችንን በሰው በሰው አጠያይቀው ነው ያገኙት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤና ቡላ ይዘዋል። ሽማግሌው ምርኩዝ ጀምረዋል። እናቴ እንዲህ ያለ የተከበረ እንግዳ በእኔ ምክንያት መጥቶላት አያውቅም፤ ወንበር ከጎረቤት አስመጣች፣ ለስላሳ አስገዛች፣ ደስታው አላስቀምጥ አላት።

ወጣቷ እናት ናት የተናገረችው። «ችካል ተተክሏል» አለች። «የሲሚንቶ ነው። ያኔ አንቺ መልሰሽልናል። ልጆቻችን በዚያ መሬት ነው ያደጉት፣ ስምሽን ሳናነሳ ውለን አናውቅም። አሁንም መልሽልን።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን ዓይኗን አልረሳውም። ከተወለድኩ ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረውን ወሬ ድንገት ሰምታለች፤ ልጇ ሰው ናት፣ መንደር አድናለች። «አንቺ፣ ይሄን ሁሉ አድርገሽ ለእኔ አትነግሪኝም? በይ እንጂ ልጄ፣ አድርጊላቸው!»

እኔ ወለሉን አያለሁ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። መጀመሪያ በሲዳምኛ ረጅም ተናገሩ፤ ከዚያ ለእናቴ ብለው በአማርኛ ደገሙት።

«እሷ ምንም አልመለሰችም። ያኔ የመጣችው ለጢንዚዛ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ይዣለሁ። አፍሬ ዋሺልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያን ያህል ዓመት የጠበቁትን ክብራቸውን በሰው ፊት፣ ለእኔ ብለው ጣሉት። እንባዬ መጣ። ቀና ብዬ እንግዶቹን አየሁ። አዛውንቶቹ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዘው በእርጋታ አስቀመጧቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ። ወጣቷ እናት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፣ በማዘን ነው።

«አርጅተዋል» አለችኝ ዝቅ ብላ። «አንዳንዴ እንዲህ ይላሉ።»

«እውነታቸውን ነው!» አልኩ። «እውነታቸውን ነው እኮ! ጢንዚዛ ነው የማጠናው! እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

እናቴ ግን አፏ አልታዘዘላትም። እንግዳ ፊት፣ ያቺን አንድ አፍታ ኩራቷን እንደያዘች፣ «ምርምር ላይ ናት» አለች።

ወጣቷ እናት ፊቷ ቀዘቀዘ። «ገብቶናል» አለች። «አልችልም ማለትሽ ነው። ወይም ዘመኑ አይፈቅድልሽም። አንቀየምሽም።» ተነሱ። ሽማግሌው ወደ እኔ ሳያዩ ወጡ፤ እውነት ተናግሮ እንደ ጃጀ የተቆጠረ ሰው ምን ብሎ ያያል። ባለቤታቸው ግን በሩ ላይ እጄን ይዘው ሳሙኝ፣ በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉኝ። የሚያስተረጉምልኝ አልነበረም፤ ወጣቷ ቀድማ ወጥታለች። እኔም ምን እንዳሉ ለማወቅ አልደፈርኩም።

እናቴ ቅቤውንና ቡላውን ይዛ እስከ መንገድ ተከተለቻቸው። አልተቀበሏትም፤ ለሰው ያመጡትን ይዘው አይመለሱም። ያንኑ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቅጠሉን ፈታች፣ ቅቤውን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ከሚበላሽ ላንጥረው።»

አነጠረችው። ብዙ ጊዜ ወጥ ተሠራበት። እኔም በላሁ።